አንድ በግ ለአንድ ክፍል

ሰኞ

ታጁ ዛሬም ከግርማ ጎን አልተቀመጠም። ካንደኛ ክፍል ጀምረው አንድ ዴስክ የተጋሩ ልጆች፣ አሁን አንዱ ከኋላ፣ አንዱ ከመስኮቱ ሥር! ባለፈው ሳምንት ሁለት ነጋዴዎች በቡና ሚዛን ተጣሉ። አንዱ ክርስቲያን፣ አንዱ ሙስሊም ሆኖ ተገኘ፤ በቃ፣ የሃይማኖት ጠብ ሆነ። በዚህም በዚያም ልጆቹን እየሰበሰቡ "ከነሱ ጋር እንዳትቀመጡ" የሚሉ ጎረምሶች አሉ። ቅዳሜ ገበያ ዱላ ይዘው ሊወጡ ነው ይባላል።

ዳይሬክተሩ "የግብረ ገብ አስተማሪ አይደለሽም? አብርጃቸው፤ አለዚያ ፖሊስ እጠራለሁ" አለኝ። ፖሊስ ከመጣ ልጆቼ አለቀላቸው።

ማክሰኞ

ስለ መከባበር ከመጽሐፉ አነበብኩ። ማንም አልሰማኝም። ግድግዳው ላይ ያሉት ጃንሆይ እንኳ የሰለቻቸው መሰለኝ። ተናደድኩና "ሐሙስ አብረን እንበላለን፣ በግ እገዛለሁ!" አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

ሐሙስ

ጉድ ሆንኩ! በጉን ጓሮ አስሬ፣ ድስት ተውሼ ልጆቹን ጠራሁ። ታጁ ቀስ ብሎ፣ "እትዬ፣ ማነው የሚያርደው?" አለኝ።

ክው አልኩ። ግርማ ካረደው ታጁ አይበላም፤ ታጁ ካረደው ግርማ አይበላም። ጅማ ስኖር ስንት ዓመቴ! ሰርግ በሄድኩ ቁጥር የክርስቲያኑ ለብቻ፣ የሙስሊሙ ለብቻ ታርዶ አንድ ዳስ ውስጥ ሲበላ አይቻለሁ። አንድ ላድርጋቸው ብዬ አንድ በግ! እንባዬ መጣ።

ግርማ ሳቁን መያዝ አቃተው። ታጁም ሳቀ። ከዚያ ሁሉም፣ በእኔ!

"ይሸጥና ዳቦና ሙዝ ይገዛበት" አለ ታጁ።

"አንተን ያታልሉሃል፣ አብሬህ ካልሄድኩ" አለው ግርማ። የተስማሙት ለቅዳሜ ነው። ከቀን ሁሉ ቅዳሜ!

ቅዳሜ

ነጠላዬን አጣፍቼ ከኋላቸው ተከተልኩ። ጎረምሶቹ ዱላቸውን ይዘው በሁለቱም ወገን ቆመዋል።  አንዱ ታጁን ኦሮምኛ እየቀላቀለ "ከዚህ ጋር ምን ትሠራለህ? ኮቱ፣ ወደዚህ ና!" አለው።

ታጁ የበጉን ገመድ ሳይለቅ "ቱሪ፣ ቆይ እንጂ፣ በግ እየሸጥን ነው" አለው። ግርማ የራሱን ወገኖች ዞር ብሎም አላያቸው፤ ከገዢው ጋር ይጨቃጨቃል። ትንሽ ቆይቶ ጎረምሶቹ ከዚህም ከዚያም ቀረብ ቀረብ አሉ። "ኧረ ሰውዬ፣ ጨምር! በጉን አታየውም?" እያሉ ምስኪኑን ገዢ ያዋክቡት ጀመር። ዱላ ያነሳ የለም። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ሰኞ

ዳቦውንና ሙዙን በላን። ታጁ ግን ወደ ድሮ ቦታው አልተመለሰም። ከኋላ አንድ ረድፍ ብቻ ወደፊት መጥቷል። "ምነው?" ስለው "ቀስ ብዬ፣ እትዬ" አለኝ።

ይሁን። ግርማ ግን ደብተሩን አጠገቡ ያለው ቦታ ላይ አስቀምጧል፤ ሌላ ልጅ ሊቀመጥ ሲል "ሰው አለው" አለ።