ለታሪፉ ሽማግሌ ይላክበት

ውድ ወንድሜ ክንፈሚካኤል፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ ሰው አስጽፋ ነው ብለህ ጸሐፊውን እንዳትፈልግ፤ የጻፍኩት እኔው እህትህ ባንቺአየሁ ነኝ! በጎልማሶች የማታ ትምህርት ሌላው ገና «ጠ»ን ከ«ጨ» ሲያምታታ፣ እኔ ቡሬ መናኸሪያ ቆሜ የሚኒባስ መስታወት ላይ የተለጠፈውን አነባለሁ። መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል «ታሪፍ» ነው። ረዳቱ ትርፍ ሊያስከፍለኝ ሲል በዚያው አፋጠጥኩት፤ አሁን ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል።

ታዲያ ሰሞኑን ሬዲዮው «በታሪፍ ምክንያት የማዳበሪያ ዋጋ ጨመረ» ሲል ሳቅሁ። ታሪፍማ የማውቀው! አህያዬን እየነዳሁ የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ሄጄ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ፦

«እኔ በአህያ ነው የምወስደው፤ ታሪፉን ቀንሱልኝ!» አልኩ።

ሻጩ ዘሩ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «እታለም፣ ይሄ የሚኒባሱ አይደለም፤ ቀረጥ ነው። ባሕር ማዶ ያሉት መንግሥታት አንዱ በሌላው ዕቃ ላይ ቀረጥ ተጣጣሉ። ማዳበሪያው እዚያው ተወዶ ነው የሚመጣልን።»

«ከተጣሉ ሽማግሌ ይላክባቸዋ! እኔ ከማን ተጣልቼ ነው የምከፍለው?»

ሰልፉ በሳቅ አለቀ። ዘሩም አብሮ ሳቀ፤ ዋጋውን ግን አልቀነሰም። ባለፈው ዓመት ሁለት ኩንታል የገዛሁበት ብር ዘንድሮ ለአንድ ተኩል እንኳ አልበቃም። አንዱን ጭኜ ተመለስኩ። ሸክሙ ለአህያዬ ቀለላት፣ ለእኔ ከበደኝ።

ይህን ሰምተህ ነው «እታለም፣ በቆሎ ከእንግዲህ አያዋጣም፤ የእናታችንን መሬት ለባሕር ዛፍ ነጋዴው እናከራየው» ብለህ የደወልክልኝ። በስልክ ዝም አልኩህ። ዝምታዬን እሺታ እንዳታደርገው ነው የምጽፍልህ። አልሰጥም! ባሕር ዛፍ ማዳበሪያ አይፈልግም፣ እውነትህን ነው። ግን አጠገቡ ምን ይበቅላል? ነጋዴው ቆርጦ ሲሄድ ጉቶውን ማን ይነቅልልናል?

ያገኘሁትን ማዳበሪያ በግማሹ ማሳ ለበቆሎው አደርገዋለሁ። በቀረው ግብጦ እዘራለሁ፤ ግብጦ ዩሪያ አይጠይቅም፣ መሬቱንም ያሳርፋል። ባሌ አንዷለም «ባይሳካስ?» ቢለኝ «ግብጦ እየቆረጠምን በታሪፉ እንስቃለና!» አልኩት። እሱም ፍጉን ከበረት ወደ ማሳው ማውጣት ጀምሯል።

መሬቱ የሁለታችን ነው፤ ድርሻህን አልክድም። ግን እኔ እሺ ሳልል አይከራይም፤ እሺም አልልም። አንተ ለእሸት ና። ባዶ እጅህን ብትመጣም ደስ ይለኛል፤ ነጋዴ አስከትለህ ብቻ እንዳትመጣ።

እህትህ ባንቺአየሁ፣ በገዛ እጇ
ከቡሬ ዙሪያ