እጁ ጋዙ ላይ ነበር

ውድ አባባ፣

ነገሩ የተበላሸው ወንድሜ ኢብሳ ቁልፉን ባዞረበት ቅጽበት ነው። ቀኝ እጁ ጋዝ መስጫው ላይ ነበር። እኔ ከሞተር ሳይክሉ ጎን ተንበርክኬ የአዲሱን ኮምፒውተር ሶኬት ገና መሰካቴ ነው፤ አንቱ የጋራዡ በር ላይ ቆመው ያያሉ።

"እጅህን አንሳ!" ብዬ ጮህኩ።

"አቦ ተይን እንጂ፣ ፕሮፌሰር!" አለ እየሳቀ። "ሞተር በጋዝ እንጂ በጸሎት አይነሳም።" አስነስቶም ለሞተሩ ባለቤት ለኪሩ ሁለቴ አስጓራለት።

ይህን ልማድ ከማን እንደወረሰው እናውቃለን። በካርቡሬተር ዘመን ሰበታ ውስጥ እንደ አንቱ ሞተር የሚያስነሳ አልነበረም፤ ቁልፍ ሲዞር ጋዝ ቆንጠር ማድረግ የእጅዎ ፊርማ ነበር። ለእነዚያ ሞተሮች ልክ ነው። የኪሩ ሞተር ግን ካርቡሬተር የለውም። ነዳጁን የሚመጥነው ኮምፒውተሩ ነው፤ ጋዙ ምን ያህል እንደተከፈተ የሚነግረው ደግሞ አንድ ትንሽ ሴንሰር ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ተቃጥሎ አዲስ ሲገባ፣ አዲሱ ምንም አያውቅም። መጀመሪያ ቁልፍ ሲዞር ሴንሰሩ የነገረውን "ጋዙ ዝግ ነው ማለት ይኼ ነው" ብሎ ይይዛል። ኢብሳ ጋዙን ቆንጠር አድርጎ ይዞ አስተማረው። ከዚያ በኋላ ሰው በእርጋታ ጋዝ ሲሰጥ፣ ኮምፒውተሩ ዝግ መስሎት ነዳጅ ይከለክላል፤ ሞተሩ ድንገት ይጠፋል።

ይህን ለሦስታችሁም ተናገርኩ። "አሁን አይወጣም፣ እንደገና ላስተምረው" አልኩ። ኪሩ ከተፍኪ የጫነው ወተት ፀሐይ ላይ ቆሞበት ይቁነጠነጣል። አንቱ ምን አሉ?

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰውየውን አታዘግዪው። ሞተሩ እንደሆነ ተነስቷል።"

ኪሩ ነድቶት ወጣ። የጅማን መንገድ አቋርጦ ሊታጠፍ ሲል ሞተሩ መሃል አስፋልት ላይ ጠፋበት። ሲመጣ የነበረ ገልባጭ መኪና የቻለውን ያህል ፍሬን ቢይዝም ገጨው። ወተቱ መንገዱን አለበሰው፤ የኪሩ እግር ከጉልበቱ በታች ተሰበረ።

ብርቱካን ይዤ ልጠይቀው ስሄድ እናቱ እማማ ተረፈች በር ላይ አቀፉኝ። "አይዞሽ ልጄ፣ ይቅር ብለንሻል" አሉኝ።

"ለምኑ፣ እማማ?"

"ሽማግሌ ፊት አልቋል እኮ። አባትሽ እንደ ይቅርታ ወጉ ሣር ይዘው 'ልጅቷ ናት ያጠፋችው' ብለው ለመኑን። ሽማግሌው ኦቦ ዋቆም መረቁ። በቃ፣ ቂም የለንም።"

ኪሩ አልጋው ላይ እንዳለ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ብርቱካኑን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም።

ባልተጠራሁበት ሽምግልና በእኔ ስም አጥፍተው፣ በእኔ ስም ታርቀው ተመለሱ! ቤት ገብቼ ስጠይቅዎ ዓይንዎን እንኳ አልሰበሩም። "የሴት ልጅ ጥፋት እንግዳ ነው፤ ከእሷ ጋር ይሄዳል" አሉኝ። "ወንድምሽ ግን እዚሁ ኗሪ ነው። ሄመንን ለማጨት ሽማግሌ ልከን 'ሰው ሰበረ' ቢባል፣ ቤተሰቦቿ ልጃቸውን ይሰጡናል? አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ የትም ብትሄጂ እንጀራ አታጪም።"

አባባ፣ ያስተማሩኝ አንቱ ነዎት። "ልጄ ኢንጂነር ናት" ሲሉ አንገትዎ ይረዝም ነበር። ያንኑ ትምህርቴን የኢብሳ ጥፋት መጫኛ አህያ አደረጉት።

ከተማውም መጀመሪያ የሰማውን ያዘ፤ ልክ እንደዚያ ኮምፒውተር። ሚኒባስ ውስጥ አንዱ ወያላ "እህቴ፣ መኪናዋን እንዳትነኪያት፣ ወለቴ ሳንደርስ ትቆማለች" ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀብኝ። የሳቁት ሰዎች ክፉ አይደሉም። ከአባቷ አፍ የወጣውን ማን ይጠራጠራል?

አሁን ቡራዩ ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ። የነካሁት ሞተር በስሜ ይወጣል፤ ቢበላሽም በስሜ ይመለሳል። ትናንት አንድ ደንበኛ ቁልፍ ሳዞር ወደ ጋዙ እጁን ቢሰድ በፒንሳ ጣቱን መታሁት። ይቅርታም አልጠየቅኩትም።

እሑድ ደወሉልኝ። "ለኢብሳ ሠርግ ነይ። ስትመጪ እግረ መንገድሽን የተረፈችን ጉልበት ሳሚ፣ እርቁ ይጽና" አሉኝ። በዚያው ትንፋሽ ደግሞ "የኪሩ ሞተር ተቃንቶ አልቋል፤ ግን አሁንም ጋዝ ሲሰጡት ይጠፋል፤ ምን ይሻለዋል?" አሉ። ስልኩን ጆሮዎ ላይ ዘጋሁት።

ኪሩ ድኖ እንደገና ስለሚነዳው ግን እጽፈዋለሁ። ኢብሳ ያንብበው። ማንም ጋዙን ሳይነካ ቁልፉን ይክፈት፤ ሞተሩን አያስነሳ። የማስጠንቀቂያው መብራት እስኪጠፋ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይጠብቅ። ከዚያ ጋዙን ቀስ አድርጎ እስከ ጥጉ ይጠምዝዝ፤ ቀስ አድርጎ ይመልስ፤ ቁልፉን ይዝጋ። በቃ። ያን ቀን የለመንኳችሁ ይህችኑ ነበር፤ ወተቱ ሳይሞቅ ታልቅ ነበር።

ሠርጉ ላይ መገኘት እፈልጋለሁ። ኢብሳ ወንድሜ ነው፤ ሄመንንም እወዳታለሁ። አንቱ ግን አስቀድመው ኦቦ ዋቆና እማማ ተረፈች ፊት ያንኑ ሣር ይዘው ይቁሙ። ጋዙ ላይ የነበረው የማን እጅ እንደሆነ ይናገሩ። "አታዘግዪው" ያለው ማን እንደሆነም ይናገሩ። ይህን ካላደረጉ ወንበሬ ባዶ ይሁን፤ ጣቢታ የት ቀረች ለሚል ሰው መልሱን አንቱ ይፈልጉለት።

እማማ ተረፈች ደግ ሰው ናቸው። ጉልበታቸውን ለፍቅር እስማለሁ፤ ለምሕረት አልስምም። ባላጠፋሁት ጥፋት ይቅር መባልን ከእንግዲህ አልቀበልም።

ተቆጥታም አንቱ የምትልዎ ልጅዎ፣
ጣቢታ ደገፋ
ቡራዩ