ጁወይሪያ ቤቴል አትመጣም

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን ተሻለዎት? ልጅዎ ሰልሳቢልስ ዩኒቨርሲቲውን ለመደችው? እኛ ኮልፌ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

«ጁወይሪያ ሰባተኛ ክፍልን ቤቴል እኔ ጋ ሆና ትማር» ብለው ለእናቴ መደወልዎን ሰማሁ። እናቴ በደስታ ያኔውኑ የእህቴን ልብስ መሸከፍ ጀመረች። ልደውልልዎ ነበር፤ ግን ስልክ ላይ እርስዎን አልችልዎትም። ስለዚህ ጻፍኩ።

አክስቴ፣ በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔም ሰባተኛ ነበርኩ። ትምህርቱ በቴሌግራም ይላካል ሲባል፣ እኛ ቤት የነበረው ስልክ ከመደወል ሌላ አያውቅም። «ላኪያት፣ ከሰልሳቢል ጋር አንድ አስተማሪ ያስጠናቸዋል» አሏት እናቴን። አምናዎት ሰጠችዎት።

አስተማሪው ጋሽ ገብረወልድ ሲመጣ ግን እኔ ጓሮ ልብስ አጥብ ነበር። «ኮሮና ነው፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሰው መጨናነቅ ጥሩ አይደለም» አሉኝ። ወይ ጉድ! አየር ጤና ገበያ ሽንኩርት ግዢ ብለው ሲልኩኝስ? የዚያ ሁሉ ሰው ግፊያ ኮሮና አልነበረውም? እናቴ ስትደውል ደግሞ አጠገቤ ቆመው «እየተማርኩ ነው በያት» ይሉኛል። እላታለሁ። ዱዓዋን ታወርድልዎት ነበር።

በዚያ ዓመት ሁላችንም ያለ ፈተና አለፍን። ስምንተኛ ላይ ግን ሚኒስትሪ መጣ። ሰልሳቢል አለፈች፣ እኔ ወደቅኩ። ብደግመውም አልሆነልኝ፤ ይኸው መርካቶ ሰው ሱቅ ቆሜ እሸጣለሁ። እናቴ «አንድ ቤት፣ አንድ አስተማሪ! ያንቺ ጭንቅላት ምን ነክቶት ነው?» አለችኝ። እርስዎም በየዒዱ እየመጡ «ተያት፣ ዕድሏ ነው» እያሉ ያጽናኗታል። ልብስ ማጠቡን ረስቼዋለሁ። ይሄ ማጽናናትዎ ግን እስከዛሬ አንጀቴን ያቃጥለኛል።

ጁወይሪያ ሒሳብ ትወዳለች። አልሰጥዎትም።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ተነስታ የጁወይሪያን ልብስ ከሻንጣው እያወጣች ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰችው። «ለእህትሽ ሰላምታ ምን ብዬ ልጻፍልሽ?» ብላት ባዶውን ሻንጣ ዘግታ ወደ ማድቤት ሄደች።

ስለዚህ የእኔ ሰላምታ ብቻ ይድረስዎት። አላህ ጤናዎን ይመልስልዎት፤ ምንም ያላጠፋችውን ሰልሳቢልንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃልዎት።

የእህትዎ ትልቋ ልጅ