ለሰውየው የሚነገር እድገት

ይድረስ እንደ አባት ላሳደጉኝ ለወንድም ጋሼ፤

ለመሆኑ እንደምን ከረሙልኝ? ወገብዎን እንዴት አድርጎታል? «ደህና ነኝ» ብለው እንዳይሸነግሉኝ፤ እኔ የማምነው የእትዬን ቃል ነው። የእሳቸውስ ዓይን ተሻለው? እኔ በአካል ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «የአለቃነት ወንበር ሲሰጡሽ እምቢ የምትይው ምን ነክቶሽ ነው?» ብለው ሲቆጡኝ ወሬ ቀይሬብዎት ነበር። አሁን ልንገርዎት።

እንደሚያውቁት ሥራዬ ፋብሪካችን ለሚሠራቸው የሆስፒታል ማሽኖች መመሪያ መጻፍ ነው፤ ነርሷ የትኛውን ቁልፍ አስቀድማ እንደምትጫን። ያስተማሩኝ አንድ አዛውንት ናቸው። ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ከሰው ስለሚጣሉ «ሰረዝ» እንላቸዋለን። ታዲያ በእኛ መሥሪያ ቤት የጸሐፊ እድገት መሐል ላይ ያልቅና ከዚያ በላይ ያለው አለቃነት ብቻ ነው። እሳቸውም ለልጆቻቸው ሲሉ አለቃ ሆኑ። አልሆነላቸውም። ሰው መቆጣት አያውቁ፤ ስብሰባ ሲባል ያልባቸዋል። በሁለት ዓመት ከወንበሩ አነሷቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ድሮ ጠረጴዛቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስኪወጡ «ጸሐፊ ጸሐፊ እንደሆነ ይደግ» እያሉ ማመልከቻ ሲጽፉ ኖሩ። እኔንም «የኔ ልጅ፣ በእኔ መንገድ እንዳትወጪ» ብለውኛል። እምቢ ያልኩት ለዚህ ነው።

ባለፈው ሳምንት የአዛውንቱ ጥያቄ ተፈቀደ። በሥሬ አንድ ሰው ሳይኖር «ከፍተኛ የመመሪያ ጸሐፊ» ተባልኩ፤ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ደብዳቤውን ይዤ እየበረርኩ ቤታቸው ሄድኩ።

ባለቤታቸው በሩን ከፍተው አስገቡኝ። ለካ አዛውንቱ ከወር በፊት ራሳቸውን ስተው ወድቀው ኖሯል፤ ሲነቁ ንባቡም ትዝታውም ጠፍቷቸዋል። ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡት፤ ፊደሉን በጣታቸው ዳሰሱና «ምን ይላል?» አሉኝ። «እርስዎ የለፉበት ተፈቀደ ይላል» ብላቸው፣ «እኔ? እኔማ ምን ጽፌ አውቃለሁ?» ብለው ባለቤታቸውን አዩ። ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ሲያልቅ እጄን ያዝ አደረጉና «ደስ ይላል፤ ሄደሽ ለለፋበት ለሰውየው ንገሪው፤ ሲጠብቅ ይሆናል» አሉኝ።

ወንድም ጋሼ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» እንዳይሉኝ፤ ለጊዜው አልችለውም።

እትዬን ጉልበታቸውን ሳሙልኝ። ትልቁ ልጅዎ ፈተናውን በርትቶ ያጥና፤ ትንሿን ጉንጯን፣ እያኮረፈችም ቢሆን፣ ሁለቴ ሳሙልኝ።

እህትዎ
ከተከራየኋት ክፍል፣ ኅዳር ፲፱ ቀን