«ሙሽሪት» የተባለችው ፊደሌ ከሆስፒታሉ በሮች ላይ እንድትወርድልኝ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በተለይ ልብዎ እንደምን ነው? ዕድሜዎን ያርዝምልን። ቢያምዎት እንኳ የሚሄዱበትን ክፍል ሳይጠይቁ የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ በእርስዎ በኩል ስጋት የለብኝም፤ የምሰጋው ሰሌዳ እያነበብን ለምንገባው ለእኛ ነው።

እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ስጽፍ የኖርኩ ባለብሩሽ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ለአንድ የሠርግ አዳራሽ ደንዳና፣ ወፍራም፣ ከየጫፉ ሐረግና ቅጠል የሚያወጣ ፊደል ነድፌ ስሙን «ሙሽሪት» አልኩት። እርስዎ ልጅዎን በዚያ አዳራሽ ሲድሩ ፊደሉን ወደዱትና አስጠሩኝ፤ ለሆስፒታሉ የምሥረታ በዓል አንድ ሸራ ላይ ብቻ እንደሚውል ነግረውኝ ሙሉውን የፊደል ገበታ አስረከብኩ። ወር ሳይሞላ ከዋናው በር እስከ መጸዳጃ ቤቱ ድረስ ግቢው በሙሽሪት ተጽፎ አገኘሁት። ለዚህ ክብር እጅ ነስቻለሁ። ያኔ ደስ ብሎኝ ዝም ማለቴንም አልክድም፤ ባለሙያ ሲሞገስ ጆሮው ይደፈናል።

ቅሬታዎቼን፣ ጊዜዎን ላለመሻማት፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ሙሽሪት ወፍራም ናት፤ ሰሌዳዎችዎ ግን ጠባብ ናቸው። ሠራተኞችዎ ፊደሉን ከማቅጠን ቃሉን ማሳጠር መርጠው፣ «የልብ ሕክምና ክፍል» የነበረውን «የልብ ክፍል»፣ «የልብስ ማጠቢያ ክፍል» የነበረውን ደግሞ «የልብስ ክፍል» ስላደረጉልን ብልሃታቸውን አደንቃለሁ። አንደኛው በሕንፃው ቀኝ ጫፍ፣ ሌላኛው በግራ ጫፍ መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ።

፪. ይህ ጥፋት የእኔ ነው። «ስ»ን ስነድፍ እግሮቿን ጠምዝዤ ቅጠል አልብሻታለሁ። በአዳራሹ ግንባር ላይ የሰው ቁመት ያህል ስለነበረች ማንም አልተሳሳተባትም፤ ክንድ በማታህለው ሰሌዳችሁ ላይ ግን በሁለት ቃላት መካከል የተጣለች ጌጥ ትመስላለች።

፫. ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ባለቤቴ ወጥ ቤት ቆማ ሳለ ደረቷን ያዘች። «ድንጋይ ተጫነኝ» አለችኝ፤ ሌላ አልተናገረችም። በታክሲ ይዣት ስደርስ ጥበቃው ተሽከርካሪ ወንበር አቅርቦ «ሰሌዳውን ተከተሉ» አለን። ተከተልኩ። ፍርሃት ዓይኔን ጋርዶት ነበር፤ የገዛ እጄ በነደፈው ፊደል «ልብ» የሚል ሳይ ግን ተስፋ ሰነቅኩና ወደ ግራ ታጠፍኩ። ቁልቁለቱን እየገፋሁ ወረድኩ፣ በሩን በትከሻዬ ከፈትኩት፤ እንፋሎትና የማሽን ጩኸት ተቀበለን፣ በሩም ከኋላችን ተዘጋ። እጄን ጨምድዳ የያዘችው የባለቤቴ እጅ በዚያች ቅጽበት ላላ።

እጅጌዋ እስከ ክርኗ የረጠበ አጣቢ ቀና ብላ «አባባ፣ እዚህ የሚመጣው አንሶላ ነው» አለችኝ። ወዲያው የባለቤቴን ከንፈር አየች። የያዘችውን ጥላ ወንበሩን ከእጄ ነጠቀችና «ስሟን እየጠሩ ይከተሉኝ፣ እንዳትተኛብዎ!» ብላ ሮጠች። ግድግዳ እየደገፍኩ፣ የአርባ ዓመት ሚስቴን ስም እንደ እብድ እየጮህኩ ተከተልኩ። በዚያ መንገድ ላይ ያለፍኩት እያንዳንዱ ሰሌዳ ቅጠል ብቻ ነበር፤ አንዱንም ማንበብ አልቻልኩም።

ተረፈች። ሐኪሙ «ጥቂት ብትዘገዩ ኖሮ...» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ነኝ የምጨርሰው። እሷ በተነፈሰች ቁጥር ቀጣዩን እስትንፋስ እጠብቃለሁ።

፬. አጣቢዋን ለማመስገን ብመለስ፣ በዚህ ዓመት ተሳስተን ከገባነው አራተኛው እኔ መሆኔን ነገረችኝ። ከእኛ በፊት ስለመጡት ሦስቱ ጠየቅኳት። የሁለቱን ነገረችኝ። ስለ ሦስተኛው ስጠይቃት አንሶላ ማጠፏን ቀጠለች።

፭. ጉዳዩን ለቢሮዎ ባመለክት፣ ፊደሉ ለተቋሙ ግርማ እንደሰጠው በጸሐፊዎ በኩል ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። እኔም በቀጭን ብሩሽ «የልብ ሕክምና ወደ ቀኝ» ብዬ በካርቶን ጽፌ ሰቀልኩ፤ ከሰዓት በኋላ ተነቀለ። በማግስቱም «የሆስፒታሉን ውበት በማጉደፍ» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ብደግመው ግቢው ውስጥ እንደማልገባ ይገልጻል። ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴ ሰኞ ቀጠሮ አላት። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው እየፈራሁ ነው። እኔ ከበር ብመለስ ወንበሩን የሚገፋላት የለም፤ ዝም ብል ደግሞ አምስተኛው ሰው ወደ ግራ ይታጠፋል። ከሁለቱ ፍርሃቶቼ የባሰውን መርጬ ጻፍኩ።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፦ ሙሽሪትን አውርዱልኝ። ቀጭንና ግልጽ ፊደል በየበሩ በገዛ እጄ እጽፋለሁ፤ መሰላል ብቻ አቅርቡልኝ።

ለውበት ያለዎትን የማይናወጥ ፍቅር እያደነቅሁ፣ ትዕግሥትዎን በመፈታተኔ ይቅርታ እየለመንኩ፣ እስከ ሰኞ ድረስ የግቢው በር እንዳይዘጋብኝ የምማጸን ታዛዥዎ፤

ባለብሩሹ

ማሳሰቢያ፦ ከመኪና ማቆሚያው ጥግ «የዳይሬክተር መኪና ብቻ» የሚለው ሰሌዳ ያለ አንዳች ሐረግና ቅጠል፣ በቀጭን ጥቁር ፊደል መጻፉን አይቻለሁ። ጥበቃውን ብጠይቀው፣ እስከ ዛሬ እዚያ ተሳስቶ ያቆመ አንድም ሰው የለም አለኝ።