የጳጉሜ ሦስት ውኃ

ይድረስ ለልጄ ለኤርምያስ ሙላቴ፣ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ።

ከተለየኸን ጀምሮ እንደምን ሰነበትክ? እንደምን ከረምክ? ያለህበት አገር ቆላ ነው፣ ወባም አለ ይላሉና ሰውነትህ ለመደው ወይ? ከሁሉ ከሁሉ እግርህ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ መክበድ በቀር፣ እህትህ ብርቱካንም፣ ከብቶቹም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ገብሱ ታጭዷል፤ ስንዴው ገና ነው።

ይህን የምትጽፈው ብርቱካን ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። አባዬ ይህ ቃል ይከብዳል፣ ላለስልሰው ብላኝ ነበር፤ እንዳልኩሽ ጻፊ ብያታለሁ። በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። አንተ ግን የጻፍከው በወረቀት ነውና መልሱም በወረቀት ይድረስህ።

ጥቅምት ሲገባ ታደሰ መጣ። ታውቀዋለህ፣ የዝናቡን ወረቀት ሊሰበስብ በየሦስት ወሩ ከሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት የሚመጣው ነው። ሁልጊዜ ጠላ ቀምሶ፣ ተጫውቶ ነበር የሚሄደው። ዘንድሮ አልቀመጥም አለ። ክረምቱን ባሕር ዳር ለልምምድ በነበርክ ጊዜ፣ የትኛው ዝናብ መለኪያ እንደሚታመን፣ የትኛው እንደማይታመን የጻፍከውን አውጥቶ ቆሞ አነበበልኝ። እኛ ግቢ ያለው መለኪያ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጳጉሜ ሦስት ቀን ባዶ ነው፤ በዚያው ቀን ደብረ ታቦር ከተማም ይፋግም በብዙው ዓመት ዘንቧል፤ ስለዚህ ለኪው በበዓል ቀን ሳይለካ ይጽፋል ብለሃል። ጎረቤታችን በላይነህ አጥር ላይ ተደግፎ ይሰማ ነበር። እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ አያ ሙላቴ፣ ሩፋኤልን ተኝተህ ነው የምታከብረው አሉ፣ ልጅህ ያዘህ ብሎ በሰው ፊት ሳቀብኝ። መለኪያውን ቆርቆሮም ከገና በኋላ ከግቢዬ ነቅለው ለሌላ ሰው ሊሰጡት ነው።

ስማኝ። ያን ቆርቆሮ በ1986 ዓ.ም. ከተከሉልኝ ጀምሮ አንድም ቀን ሳልለካ ውዬ አላውቅም። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ በመለኪያው ብርጭቆ ላይ ያለውን መስመር መቁጠር አያቅተኝም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን እኔ እለካለሁ፤ በመሠረተ ትምህርት ቁጥር የተማረችው እናትህ ትጽፍ ነበር። አባቴን የቀበርኩ ዕለት ለክቼ ነው ወደ ቤተ ክርስቲያን የወጣሁት። በረዶ ገብሴን ያወደመው ዕለት፣ ሰው ሁሉ ማሳው ላይ ቆሞ ሲያለቅስ እኔ በረዶውን አቅልጬ ለካሁ።

አሁን የጳጉሜ ሦስቱን ልንገርህ። አራት ዓመት ሞልቶህ አትቆምም ነበር። ጠበል ዞርን። ወንዛዬ ፍል ውኃ ድረስ በጀርባዬ ተሸክሜ ወሰድኩህ፤ አልሆነም። የሩፋኤል ዕለት ሰው ሁሉ ልጁን ዝናብ ላይ ያወጣል። አንተን ግን እንዳናወጣህ ደረትህ ብርድ አይችልም። እናትህ ጎህ ሲቀድ ወጣችና ቆርቆሮው ውስጥ ያደረውን ውኃ ቀዳችው። ጣራም መሬትም ያልነካው ውኃ ይኼ ብቻ ነው አለችኝ። አንድ ጣሳ አይሞላም። እሳት ዳር ለብ አድርጋ እግርህን አጠበችህ። ሦስት ሰዓት ላይ ስወጣ ቆርቆሮው ባዶ ነው።

አሥር መስመር ያህል ይሆን ነበር፣ አሥር ብዬ ልጻፈው አለች። የከለከልኳት እኔ ነኝ። ያልለካነውን አንጽፍም፣ ያገኘነው ባዶ ነው፣ ባዶ ጻፊ አልኳት። ውኃው ተወስዷል ተብሎ እንደሚጻፍ የነገረን አልነበረም። በዓመቱ ግድግዳ ይዘህ ቆምክ። ከዚያ ወዲያ እሷን ማን ይመልሳት? እስከ ዕድሜዬ ልክ ተስያለሁ አለች። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶህ፣ ጢምህ አቀምቅሞ እንኳ በሩፋኤል እግርህን ስታጥብህ ትስቅባት ነበር። ውኃውን ከየት እንዳመጣችው ጠይቀህ አታውቅም።

ያየኸውን በመጻፍህ አልቆጣም። አባቴ ነው ብለህ ብትሸፍን ኖሮ ይብስ አፍርብህ ነበር። የሚያንገበግበኝ ሳትጠይቅ መጻፍህ ነው። ሳይለካ ይጽፋል አልከኝ፤ አንተስ? ባሕር ዳር ድረስ መጥተህ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ሲቀርህ ወረቀታችንን አየህ እንጂ ቤትህን አላየህም። ወረቀቱንስ ደህና አድርገህ ብታየው መች ከፋ! ከዘጠና ስምንት ወዲህ ባዶው ቀርቷል፤ በጳጉሜ ሦስትም ዝናብ ተጽፏል። በዘጠና ስምንት እዚያ ቤት ምን ሆነ ብለህ ራስህን አልጠየቅክም? ግንቦት ላይ የቀበርነው ማንን ነበር? እናትህ የሞተችበትን ጠዋትም ለክቻለሁ። አራት መስመር ተኩል ነው። የጻፈችው ብርቱካን ናት። ፈልገው፣ ታገኘዋለህ።

ነገ ተመርቀህ አለቃ ትሆናለህ፤ እንደ እኔ ያለ ስንቱ ለኪ በእጅህ ይገባል። ሰውን በወረቀት አትመዝን አልልህም፣ ሥራህ ነው። ብቻ ከመጻፍህ በፊት ተነሥተህ ሂድና በሩን አንኳኳ።

ቆርቆሮው ይቅርልኝ ብዬ አልለምንም። ለታደሰም ይህን አልነገርኩትም። የሞተች ሚስቴን ለመሥሪያ ቤት ከስሼ እኔ ነጻ አልወጣም። አንተ ግን እወቀው። ሊነቅሉት ሲነሡ ሌላ ሰው እንዳይልኩ፤ አንተ ና ንቀለው። ሥሩን በድንጋይ አጥብቀው ነው የተከሉት፣ ጉልበት ይፈልጋል። ከአስፋልቱ እዚህ ድረስም መኪና አይገባም። ግድ የለም፣ እግርህ ጸንቷል።

ብርቱካን እየጻፈች ሰላም ብላሃለች። አክስትህ ዓለሚቱ፣ ከሳ ወይስ ወፈረ ብላ ትጠይቅሃለች። የንስሐ አባታችን ቄስ ይርጋ እግዚአብሔር ይፍታህ ብለውሃል፤ ምን እንዳደረግክ ግን አልነገርኳቸውም። በላይነህ ሰላም በልልኝ አላለም፣ እኔም አልጠበቅኩም።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ለክቻለሁ። ባዶ ነው። ይኼኛውን እመነኝ።

አባትህ ሙላቴ
ደብረ ታቦር፣ ከጉና ግርጌ
ኅዳር 14 ቀን 2004 ዓ.ም.