ሞተሩ ወዲያው እንዳይጠፋ፦ የአቶ ዚሲስ ቡርዳሎስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዚሲስ ቡርዳሎስ ከአባታቸው ከአቶ ስቴርጊዮስ ቡርዳሎስና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዴስፖ ጋኪ እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. በግሪክ፣ በፒንዶስ ተራራ አናት ላይ በምትገኘው በአኖ ፔቭኪ መንደር ተወለዱ። አባታቸው አይብ በበቅሎ ወደ ካላምባካ ከተማ የሚያወርዱ ነጋዴ ስለነበሩ፣ አቶ ዚሲስ በመንደሩ ትምህርት ቤት እየተማሩ ከአጎታቸው ልጅ ከአቶ ናኡም ጋር በቅሎ ሲነዱ አደጉ።

በ1965 ትሪካላ ከተማ ወርደው በሙያ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና ተማሩ። የውትድርና ግዴታቸውን ከፈጸሙ በኋላ በ1973 ከአቶ ናኡም ጋር አንድ ያገለገለ የጭነት መኪና በጋራ ገዝተው በተራራው መንገድ ጣውላና አይብ ማመላለስ ጀመሩ።

የዚያ መንገድ ሾፌሮች በበረዶው ወራት ሞተር እንዳይቀዘቅዝ የራዲያተሩን ፊት በሸራ ይሸፍናሉ። በ1976 መጋቢት ወር አቶ ናኡም በረዶ ከያዘው አናት ወርደው፣ ፀሐይ በሞቀበት ካላምባካ ጣውላ ጫኑና ሸራውን ሳያነሱ ዳገቱን ተያያዙት። መንገድ አጋማሽ ላይ ካለው ምንጭ ሲደርሱ መኪናዋ ፈላች። እሳቸውም ከምንጩ ቀድተው በጋለው ሞተር ውስጥ ጨመሩበት፤ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ቴስታታው፣ ተሰነጠቀ።

“ጠማት፣ አጠጣኋት። ምን ላድርግ?” አሉ መንደር ሲደርሱ።

“የአባቴ በቅሎ ዳገት ወጥታ ላብ ሲያጠምቃት ቀዝቃዛ ውሃ ሰጥተሃት ታውቃለህ? ለበቅሎ ያወቅከውን ለመኪና ረሳኸው?” አሉ አቶ ዚሲስ።

ይህ የተነገረው በአደባባይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ነበር። መኪናዋ በተገኘው ዋጋ ተሸጠች፤ ሁለቱ ዘመዳሞችም ተኳረፉ። አቶ ዚሲስ በኋላ ሲናገሩ፣ ቴስታታ መለዋወጫ አለው፣ በሰው ፊት የወጣ ቃል ግን የለውም ይሉ ነበር።

በ1978 ከካላምባካ መውጫ፣ ዳገቱ ሥር ጋራዥ ከፈቱ። ሸራውን ሳያነሳ ወደ ላይ የሚያልፍ ሾፌር ካዩ እንደ በቅሎ ነጂ አፏጭተው ያስቆሙታል። ውሃው የሚታየው ሞተሩ ሳይሞቅ መሆኑን፣ በራዲያተሩ ላይ የተለጠፈው ጭቃና ትንኝ መታጠብ እንዳለበት፣ የላላ ቺንጋ፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ዳገት እንደማይወጣ ያስረዳሉ። ከልክ በላይ የጫነውን ያራግፉታል። ሞተሩ እንደጋለ የራዲያተር ክዳን የሚከፍተውን ይቆጣሉ። ሾፌሮቹም ፉጨቱን ሲሰሙ መኪናቸውን “ካፖርትሽን አውልቂ፣ ሽማግሌው መጣ” ይሏት ነበር፤ ያኔ አቶ ዚሲስ ሠላሳ ዓመታቸው ነው።

አቶ ናኡም ሌላ መኪና ገዝተው በዚያው በር ያልፉ ነበር። አቶ ዚሲስ ለእሳቸውም ያፏጫሉ። አቶ ናኡም አይቆሙም፤ ሸራው ግን ሁልጊዜ ተነሥቶ ነበር።

በ1979 በተሰሎንቄ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አጥንተው በካላምባካ ያስተምሩ ከነበሩት ከወ/ሮ ኤቫንቲያ ካራ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። አቶ ዚሲስ ከመንገድ ሲመለሱ ሙቀቱ ከሞተሩ ቀስ ብሎ እንዲወጣ መኪናቸውን ሳያጠፉ በር ላይ ጥቂት ያቆዩ ስለነበር፣ ባለቤታቸው ድምፁን ሰምተው ሾርባውን ያሞቁ ነበር።

በ1988 ነሐሴ ላይ አቶ ናኡም የተቃጠለ ዘይት በሚሸት መኪና ጋራዡ በር ላይ ቆሙ።

“ወንድሜ፣ የካምቢዮ ዘይቷን መቼ ነው የለወጥከው?” አሉ አቶ ዚሲስ።

“ካኮረፍከኝ ወዲህ አልለወጥኩም።”

“ያኔ እኮ ይቺ መኪና አልነበረችህም።”

“ኩርፊያው ነበረኛ።”

ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ሆነ። ወ/ሮ ኤቫንቲያ ዳቦ፣ አይብና ወይራ አቀረቡላቸው። ዘይቱ ሲፈስ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ነበር፤ ስለ አሮጌዋ መኪና ግን ማንም አላነሳም። በቀጣዩ ዓመት የአቶ ዚሲስ ወንድ ልጅ ሲወለድ ክርስትና ያነሱት አቶ ናኡም ናቸው።

አቶ ዚሲስ ከ2016 ጀምሮ በልብ ድካም ሲታከሙ ቆይተዋል። በመጨረሻዎቹ ቀናት አቶ ናኡም አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው፣ “ወደ መንደራችን በአዲሱ መንገድ፣ በዋሻው ነው የምወስድህ። ቶሎ እንደርሳለን” አሏቸው።

“ምን ያስቸኩለኛል? በአሮጌው ውሰደኝ። ምንጩ ጋ ቁምና ውሃ ጠጣ። ለራስህ ነው፣ ለእሷ እንዳትሰጣት። ስንደርስ ደግሞ ወዲያው አታጥፋት።”

“አሁንም ታስተምረኛለህ?”

“አሁንማ ገባህ።”

አቶ ዚሲስ ግንቦት 9 ቀን 2018 በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ኤቫንቲያን፣ በዮአኒና ነርስ የሆነችውን ልጃቸውን ዴስፒናን፣ ጋራዡን የያዘውን ልጃቸውን ስቴርጊዮስን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና የአጎታቸውን ልጅ አቶ ናኡምን ትተው ሄደዋል።

ከጸሎቱ በኋላ ወደ አኖ ፔቭኪ የምንወጣው በአሮጌው መንገድ፣ በዝግታ ነው። አስከሬኑን የሚያደርሱት አቶ ናኡም ሲሆኑ፣ ምንጩ ጋ ሲቆሙ ከኋላ ያላችሁ በትዕግሥት እንድትጠብቁ እንለምናለን። መቃብሩ ዘንድ ስንደርስም ሞተሩ ጥቂት ሳይጠፋ ይቆያል። ባለቤታቸው ድምፁን እስኪሰሙ ነው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ዳገትና ሐሩር በሌለበት ስፍራ ያሳርፍልን።